ጭረትና ስርጉድ፦ የመኪና ቦዲ ቀላል ጉዳት ሲደርስበት ለቢቸናና ለሞጣ ባለመኪኖች የውሳኔ መመሪያ

ቀላል የቦዲ ጉዳት የሚባለው ሻንሲውን፣ መሪውንና ፍሬኑን ሳይነካ በውጭው ላሜራ፣ በቀለሙ ወይም በፕላስቲክ ክፍሎቹ ላይ ብቻ የሚቀር ጭረት፣ ስርጉድ፣ ስንጥቅ ወይም ልጣጭ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ የሚሠራ መኪና ከእንዲህ ያለ ጉዳት እምብዛም አያመልጥም። ጤፍ የጫነ አይሱዙ፣ ሚኒባስና ቅጥቅጥ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት አንዱን መንገድ ይጋሩታል። ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ላይ ደግሞ ከፊት የሚሄደው መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረው ድንጋይ ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን ይፈነክታል።

ብዙ ባለመኪና ጉዳቱን እንዳየ የሚጠይቀው «ስንት ያስወጣል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት በቅደም ተከተል መመለስ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ መኪናው እንዲህ ሆኖ መነዳት ይችላል ወይ? ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው፣ ወጪውስ የማን ነው? ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ተጋልጧል ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ መዶሻ የተነሣ እንደሆነ ማስረጃ ይጠፋል፣ ካሳ ይቀራል፣ አንዳንዴም ትንሹ ስርጉድ ወደ ትልቅ ሥራ ይለወጣል።

መኪናው መንቀሳቀስ መቻሉን ማረጋገጥ

የመጀመሪያው ምርመራ እዚያው አደጋው በደረሰበት ቦታ የሚደረግና ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። የፊት መብራት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ እየተበራ ይታያል። የታጠፈው ፓራፋንጎ ጎማውን ይነካ እንደሆነ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተጠምዝዞ ይፈተሻል፤ ቆሞ የማይነካ ጎማ ጭነት ሲጫን ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሊነካ ስለሚችል በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ጣት ክፍተት መኖር አለበት። ኮፈኑ በትክክል መቆለፉ ይሞከራል፤ በጉዞ ላይ በነፋስ ተገልብጦ መስታወቱን የሸፈነ ኮፈን ሕይወት ያጠፋል። ከራዲያተሩ ሥር ውኃ፣ ከሞተሩ ሥር ዘይት አለመንጠባጠቡ ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ በበርና በምሰሶ፣ በኮፈንና በፓራፋንጎ መካከል ያሉት ክፍተቶች ከግራና ከቀኝ ይነጻጸራሉ። አንዱ ጠቦ ሌላው ከሰፋ፣ በር ሲዘጋ እንደ ቀድሞው ካልገጠመ ወይም መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ከሳበ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የተንቀሳቀሰው የውስጡ አካል ነው። እንዲህ ያለው ሥራ መለኪያና መጎተቻ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ስለሚፈልግ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። ፕላስቲክ ፓራውልትም ያታልላል፤ ከተመታ በኋላ ወደ ቅርጹ ተመልሶ ደኅና ሲመስል ከኋላው ያለው የብረት አግዳሚ ታጥፎ ይገኛል። ከሥር ጎንበስ ብሎ በባትሪ ማየት ይበቃል።

ማስረጃ መያዝና ጠያቂና ተጠያቂን መለየት

ሌላ ተሽከርካሪ፣ ሰው ወይም እንስሳ ካለበት መኪናው ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል። ፎቶው ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ታርጋ፣ በመንገዱ ላይ የነበራቸውን አቀማመጥና የፍሬን ምልክት ካለም እሱን ማሳየት አለበት። በሰው ላይ ጉዳት ከደረሰ ነገሩ ከቦዲ ጥገና አልፏልና ተጎጂው ወደ ሕክምና ይሄዳል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል።

በኢትዮጵያ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተደንግጓል። ይህ መድን የሚሸፍነው መኪናው በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው፤ የራስን መኪና አያሠራም። ስለዚህ ጥፋተኛው ሌላው ሾፌር ከሆነ የተጎጂው መኪና ጥገና ከዚያ ሾፌር መድን ይጠየቃል። ጥፋቱ የራስ ከሆነና ሙሉ የሚባለው መድን ካልተገባ ግን ወጪው ከኪስ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚገዛውን የሦስተኛ ወገን ተለጣፊ ይዘው «መኪናዬ መድን አለው» የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት የሚያውቁት አደጋ ሲደርስ መሆኑ ያሳዝናል።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው ጥፋተኛው ሳይለይ ሲቀር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 መልስ አለው። ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል፣ የእያንዳንዱ ባለቤትም የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ልብ መባል ያለበት «ጠቅላላውን» የሚለው ነው። ለምሳሌ ያንዱ መኪና ጥገና 4,000 ብር፣ የሌላው 10,000 ብር ቢያወጣ ድምሩ 14,000 ስለሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 7,000 ብር ነው፤ ጉዳቱ ያነሰው ባለቤት ለሌላው 3,000 ብር ይከፍላል። «ሁላችንም የየራሳችንን እናሠራ» የሚለው የተለመደ መለያያ ከሕጉ ስሌት ይለያል። ተስማምተው ቢያደርጉት ነውር የለውም፤ ተስማሚው ግን የሚተወውን ማወቅ አለበት። አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ካንዱ ሾፌር ጥፋት የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ የእኩል ክፍፍሉ ቀርቶ ጥፋተኛው ይጠየቃል።

በሬ ወይም አህያ በር ሲያሰረጉድ፣ ስፖኪዮ ሲሰብርም ሕጉ ዝም አይልም። በአንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ይሁንና በገበያ ቀን አንድ ገበሬ የሚነዳት ላም በሩን ገጭታ ብትሄድ ካሳው ከገበሬው አቅም ጋር መመዘኑ የአካባቢው ደንብ ነው፤ ሽማግሌ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ጥቃቅን ግጭቶች በብዛት የሚያልቁት በሽምግልና ነው። ፈጣን፣ ርካሽና ጎረቤትነትን የማያፈርስ መንገድ ስለሆነ ተመራጭነቱ አያጠያይቅም። ጉድለቱ ስምምነቱ በቃል ብቻ ሲቀር ነው። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የታርጋ ቁጥሮቹ፣ የተጎዱት ክፍሎች በየስማቸው፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሚከፈልበት ጊዜ፣ የሁለቱ ወገኖችና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይሰፍሩበታል። ገንዘቡ ከመወሰኑ በፊት ግን ላሜራ የሚያቃናው ባለሙያ፣ ባትላሜራው፣ መኪናውን ማየት አለበት፤ በግምት 2,000 ብር ተቀብሎ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ የፈረመ ሰው በማግስቱ የታጠፈ አግዳሚ ቢያገኝ መመለሻ የለውም። ካልተስማሙ የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

መድን የገባ ባለመኪና አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። መድን ሰጪው ሳያውቅ ጥፋትን ማመን ወይም ካሳ መስማማት በአብዛኞቹ የመድን ውሎች የተከለከለ ነው፤ አደጋውን የማሳወቂያ ጊዜም በውሉ ላይ የተወሰነና አጭር ነው። ስለዚህ መድን የሚጠየቅ ከሆነ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ፣ ከዚያ የመድን ድርጅቱ መርማሪ ማየት ይመጣል። መርማሪው ሳያየው የተቃና ላሜራ ለካሳ አይበቃም።

የጉዳቱን ጥልቀት መለየት

የፋብሪካ ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ከብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከለው ቅብ፣ በላዩ መሠረት ቀለም፣ ከዚያ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ጥርት ያለ አብረቅራቂ ሽፋን ይገኛል። አንድ ላይ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የጭረትን ጥልቀት በዓይን መገመት ያስቸግራል፤ ሁለት ቀላል ፈተናዎች ግን ይለዩታል።

ቦታው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ እርጥብ እንደሆነ ሲታይ ጭረቱ ከጠፋ፣ ሲደርቅም ተመልሶ ከመጣ የተነካው ክሊሩ ብቻ ነው። ይህ በማለስለሻ ክሬም ታሽቶ ይጠፋል፤ ቀለም መቀባት አያስፈልገውም። ቀጥሎ የጣት ጥፍር በጭረቱ ላይ በአግድም ይጎተታል። ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ ክሬም ይበቃዋል፤ ከተያዘ ጭረቱ ወደ መልክ ቀለሙ ወይም ከዚያ በታች ደርሷል። በጭረቱ ውስጥ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ሽፋን ከታየ መሠረቱ ገና ብረቱን ይጠብቃል። የብረት ብልጭታ ወይም ቡናማ ነጥብ ከታየ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም።

ስርጉድ ሲሆን የሚታየው ሌላ ነው። ቀለሙ ሳይሰነጠቅ ገባ ብሎ የቀረ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ስርጉድ መልክ ከማበላሸት ያለፈ ጉዳት አያመጣም። ለዓመታት ቢቀመጥ ብረቱን አይበላውም። ሹል ጠርዝ ያለው፣ በላሜራው መታጠፊያ መስመር ላይ ያረፈ ወይም ቀለሙን የሰነጠቀ ስርጉድ ግን ብረቱን ለጥጦታልና እጅ ይፈልጋል። ሲጫኑት የሚገባ፣ ሲለቁት «ቧ» ብሎ የሚወጣ ላሜራም እንደ ተለጠጠ ይቆጠራል፤ በመዶሻ በተመታ ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይመለስም።

ፕላስቲክ አይዝግም። የተሰነጠቀ ፓራውልት እስካልተንጠለጠለ ድረስ አያስቸኩልም፤ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ለጊዜው ይበቃል። ገባ ያለውን የፈላ ውኃ አፍስሶ ከኋላ በእጅ መግፋት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። በእሳት ማሞቅ ግን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ቀለሙንም ያፈላዋል።

ዝገትና የክረምት ቀጠሮ

ጥገናውን ለማዘግየት ወይም ለማፋጠን የሚወስነው መልክ ሳይሆን ዝገት ነው። የዘመኑ መኪና የውጭ ላሜራ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች፣ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል የሳሳ ብረት ተጋልጦ ክረምት ሲያልፍበት ዝገቱ በጭረቱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በቀለሙ ሥር እየሰረገ ወደ ጎን ይስፋፋል። በመስከረም ቀለሙ አብጦ ሲታይ የተበላው ቦታ ከጭረቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በግንቦት በቀላል ቅብ የሚያልቀው ሥራ በጥቅምት ላሜራ ቆርጦ መበየድ ሊጠይቅ ይችላል።

ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው የደጋ ከተሞች ናቸው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ያለ ዝግ ክፍል ቀለም መርጨት አይመከርም፤ እርጥብ አየር ላይ የተረጨ ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ደመና የመሰለ ነጭ ሽፋን ያወጣል፣ ጠብታ ያረፈበትም ይበሳሳል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ደግሞ በብርድ አይጠነክርም፤ ስለዚህ በበጋውም ቢሆን በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውጭ ያደረ ትኩስ ቅብ ጤዛ ይነካዋል። አመቺው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከረፋዱ እስከ ቀትር፣ አቧራና ነፋስ ሳይነሣ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። ብረት ያልተጋለጠበት ጉዳት ባለመኪናው ገንዘብ እስኪያገኝ፣ ሥራ እስኪቀዘቅዝ ወይም ሌላ ጉዳት ተጨምሮ በአንድነት እስኪሠራ ሊቆይ ይችላል። ብረት የተጋለጠበት ግን ከሰኔ በፊት ቢያንስ መሸፈን አለበት። ቦታው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ብረቱ እስኪነጣ ይጠራል፣ በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ አንቲረስት የሚባለው ዝገት ተከላካይ ቅብ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል። መልኩ አያምርም፤ ክረምቱን ግን ያሻግራል። በተጋለጠ ብረት ላይ ፕላስተር መለጠፍ እርጥበቱን ይዞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ግሪስና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ለጊዜው ዝገት ቢያግድም በኋላ የሚቀባው ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል፤ ቅባት የነካው ቦታ ላይ ቀለም እንደ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

ወጪውን ማስላት

ሙሉ መድን ያለው ባለመኪና ትንሽ ጉዳት ሁሉ ለመድን አይቀርብም የሚለውን ማወቅ አለበት። ውሉ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ገንዘብ አለው፤ ካሳ ሳይጠየቅ ላለፈ ዓመትም በዓረቦኑ ላይ ቅናሽ ይሰጣል። ጥገናው 8,000 ብር፣ ተቀናሹ 5,000 ብር ቢሆን ከመድን የሚገኘው 3,000 ብር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚቀረው የዓረቦን ቅናሽ ከ3,000 ብር ከበለጠ መጠየቁ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ለማመልከቻና ለምርመራ የሚጠፋው ቀን አለ። ስለዚህ ውሉን አውጥቶ ሁለቱን ቁጥሮች ማንበብ ከየትኛውም ምክር ይቀድማል። ሌላ ሰው የተጎዳበት ወይም ንብረቱ የወደመበት አደጋ ግን ትንሽም ቢመስል ለመድን ሰጪው መነገር አለበት፤ በኋላ ክስ ቢመጣ ያልተነገረውን አደጋ መድን ላይሸፍነው ይችላል።

ለንግድ መኪና የጥገናው ዋጋ በቀለምና በእጅ ሥራ ብቻ አይለካም። አንድ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ ያጣል፤ የሾፌርና የረዳት አበል፣ የብድር ክፍያም አይቆምም። በርካሽ ዋጋ ስድስት ቀን ከሚያቆም ጋራዥ ይልቅ ትንሽ አስከፍሎ በሁለት ቀን የሚያስረክበው ሊረክስ ይችላል። ለጤፍ ጫኝ አይሱዙም እንዲሁ ነው፤ ምርት ወደ አዲስ አበባ በሚጎርፍበት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዝገት ለማይመጣበት ስርጉድ ብሎ መኪና ማቆም ትርፉ አይታይም።

የቤት መኪና የሚሸጥ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። በሥርዓት ያልተሠራ ቀለም ከተተወ ስርጉድ ይልቅ ዋጋ ይቀንሳል፤ ገዢ ስርጉዱን አይቶ ይከራከራል፣ የማይመሳሰል ቀለም ካየ ግን ከሥሩ ትልቅ አደጋ የተደበቀ ስለሚመስለው ይሸሻል። ለሽያጭ ሲባል ብቻ በጥድፊያ ማስቀባት በዚህ ምክንያት አይመከርም።

የት ይሠራ?

ነጭ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ባለው መኪና ላይ የደረሰ፣ በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ያረፈ ጉዳት በአካባቢው ባትላሜራ ሊሠራ ይችላል። የአይሱዙ ጎን፣ የቅጥቅጥ ቦዲ፣ የባጃጅ የፊት ላሜራና የአሮጌ ላንድክሩዘር ፓራፋንጎ ለእጅ ሥራ የሚመቹ ናቸው፤ በመዶሻና በመደገፊያ ብረት የበሰለ እጅ ያለው ባለሙያ ያሳምራቸዋል። ባለሙያው የሚመረጠው ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በፊት የሠራውን መኪና በማየት ነው። ትናንት የተቀባ መኪና ሁሉ ያምራል፤ ክረምት ያለፈበት ግን ሥራውን ይናገራል።

ብርማና ሌሎች ሜታሊክ ቀለሞች፣ በበርና በፓራፋንጎ ድንበር ላይ የሚወድቅ ጉዳት፣ እንዲሁም መጎተቻ መሣሪያ የሚፈልግ ስርጉድ ቀለም በሚዛን የሚቀምምና ዝግ የመርጫ ክፍል ያለው ጋራዥ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በባሕር ዳር፣ ለቢቸና ደግሞ በደብረ ማርቆስ ወይም በአዲስ አበባ መፈለግ ነው። ለዚሁ ብሎ ልዩ ጉዞ ከማድረግ መኪናው በሌላ ጉዳይ ወደዚያ የሚሄድበትን ቀን መጠበቅ ወጪ ይቆጥባል፤ በመካከሉ ብረቱ ከላይ እንደ ተገለጸው በአንቲረስት ይቆያል።

ቀለም በዓይን ግምት አይቀመምም። የመኪናው የቀለም ኮድ በበር ምሰሶ ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ በተለጠፈ ሳህን ላይ ተጽፏል። በቶዮታ መኪኖች ለምሳሌ 040 የተለመደውን ነጭ፣ 202 ጥቁሩን ያመለክታሉ። ኮዱ ለቀማሚው ቢሰጥም በከፍታ ቦታ ያለው ጠንካራ ፀሐይ የቀድሞውን ቀለም ያፈዝዘዋልና ውጤቱ መጀመሪያ በቁራጭ ላሜራ ላይ ተረጭቶ፣ ደርቆ፣ በፀሐይ ብርሃን ከመኪናው ጎን መታየት አለበት።

የተሰበረ መብራት፣ ስፖኪዮና ክፉኛ የተጨራመተ በር ከመጠገን መተካት ይቀላል። ያገለገለ ዕቃ በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመተ ምርትና የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ መላክ ስሕተትን ይቀንሳል። የፊት መብራት ሲገዛ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እንደ ጃፓን በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ መብራት ጨረሩን ወደ ግራ ከፍ ስለሚያደርግ በኢትዮጵያ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። በሌሊት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከባለሙያው ጋር መስማማትና ሥራውን መከታተል

ዋጋው ከመቆረጡ በፊት ምን ምን እንደሚጨምር መነገር አለበት፤ ማቃናት፣ ስቱኮ፣ መሠረት፣ ቀለም፣ ክሊር፣ ዕቃ ፈትቶ መግጠም። ቀለሙን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የሚያስረክብበት ቀን፣ ቢላጥ ወይም ቢያብጥ ለስንት ወር እንደሚመልስ በወረቀት ይሰፍራል። ቀብድ ይሰጣል፤ ሙሉ ክፍያ ግን ሥራው ታይቶ ነው።

ከሥራው ሁሉ በላይ መከታተል የሚገባው ስቱኮው ነው። ስቱኮ የመጨረሻዋን ጥቂት ጉድለት ማለስለሻ እንጂ ስርጉድ መሙያ አይደለም። ላሜራው በመጀመሪያ በመዶሻ፣ ከኋላው ብረት ተደግፎ፣ በተቻለ መጠን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሚቀረው ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ የወፈረ ስቱኮ በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ከሥር ሳይታይ ይዝጋል። ስቱኮ ውኃ ስለሚመጥ ያለ መሠረት ቅብ ቀናት ማሳደር፣ ሲታሽም ውኃ መጠቀም ተገቢ አይደለም፤ የውኃ ማሸት የሚመጣው መሠረቱ ከተቀባ በኋላ ነው። ማጠንከሪያው ብዙ ከሆነ ቀለሙ ላይ ቢጫማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ካነሰ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ከስቱኮው መቶ እጅ ሁለት እጅ ገደማ ይበቃዋል።

ስርጉዱን ለመሳብ ላሜራውን መብሳት የሚወዱ አሉ። ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ሲደፈኑ ከውጭ አይታዩም፤ ከውስጥ ግን ክፍት ናቸውና በበሩ ውስጥ የሚወርደው ውኃ ያገኛቸዋል። ይህን አለመፍቀድ፣ ከተፈቀደም ከውስጥ በኩል በብየዳና በአንቲረስት እንዲደፈኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ብየዳ ሊደረግ ሲል የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ካልተፈታ የዘመናዊ መኪና ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

ለባለሙያው ጤናም ማሰብ ይገባል። ማጠንከሪያ ያላቸው ቀለሞችና ክሊሮች ሲረጩ የሚለቁት አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ዘላቂ አስም ያስይዛል፤ በጨርቅ ወይም በአቧራ መከላከያ ጭምብል አይታገድም። የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው፣ አጠገባቸውም ልጆች ይጫወታሉ። የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል የሚጠቀም ቀለም ቀቢ መምረጥ፣ ከሰፈር ራቅ ባለ ቦታ እንዲረጭ መጠየቅና ለዚህ ጥቂት መጨመር የባለመኪናውም ኃላፊነት ነው።

ሊብሬ፣ የሻንሲ ቁጥርና ዓመታዊ ምርመራ

ያንኑ ቀለም መልሶ መቀባት የሚያስፈልገው ፈቃድ የለም። የመኪናውን ዋና ቀለም መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቀለሙ በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ለመዘገበው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የሻንሲ ቁጥር በተቀረጸበት ቦታ አጠገብ መበየድ፣ መፋቅ ወይም በስቱኮ መሸፈን ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ቁጥሩ ያልተነበበ መኪና በምርመራ ጊዜ ትልቅ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ከቀረበ የተሰበረ መብራት፣ የተፈታ ፓራውልትና ሹል ብሎ የወጣ ላሜራ ከሌላው ሁሉ ቀድመው ይሠራሉ።

መረከብና መከታተል

መኪናው የሚረከበው ታጥቦ፣ በቀን ብርሃን ነው። ከጎን በሰያፍ ሲታይ በላሜራው ላይ የሚያርፈው የአጥር ወይም የሽቦ ጥላ ሳይጣመም ካለፈ ማቃናቱ ተሳክቷል። በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በተሠራው ቦታ ላይ ሲቀርብ ካልተያዘ ስቱኮው ወፍሯል። በሮች፣ መስታወቶች፣ ፍሬቻዎችና የመቆለፊያ ቁልፎች አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ የተፈቱ ብሎኖች መመለሳቸውም ይታያል።

አዲስ ቅብ የመጀመሪያውን አንድ ወር በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይታጠባል፤ ሰም አይቀባም፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት አይነካውም። የቀለም ኮዱ፣ ደረሰኙ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሡት ፎቶዎችና የተሠራበት ቀን ከሊብሬው ቅጂ ጋር ይቀመጣሉ። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ የተሠራው ቦታ ዳግመኛ ይመረመራል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ከሥሩ ሳይጠራ የቀረ ዝገት ወይም የወፈረ ስቱኮ አለ፤ ሠሪው በወረቀት የገባው የመመለስ ቃል የሚጠየቀውም ያኔ፣ ዝገቱ ሳይሰፋ ነው።